ለአምስተኛው ተጫዋች ስለተያዘው ሰማያዊ ሳጥን

የተከበሩ የጥቅል ዕቃዎች ፍተሻና መልቀቂያ ክፍል የበላይ ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በየመስኮቱ ተቀምጠው ለሚያገለግሉን ባልደረቦችዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ ከመካከላችሁ አንዱ ታሞ በቀረ ቁጥር ጉዳዬ እንደገና ከአንድ ስለሚጀምር፣ የእናንተ ጤና የእኔም ጤና ከሆነ አምስት ወር አልፎታል።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የደፈርኩት በእጄ ያስረከብኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩብኝ እንጂ ክብርዎን በአደባባይ ለመንካት አይደለም።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁም ምላሱም ተያዙ። በዚያ ሰሞን እህቴ አንድ የሰሌዳ ጨዋታ ይዛ መጣች። ሰሌዳው ላይ መንገዶችና ከተሞች ተስለዋል፤ ተጫዋቹ ትንንሽ የእንጨት መኪኖቹን እየነዳ ጭነት ያደርሳል። አባቴ መጀመሪያ በግራ እጁ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ በቀኙ መኪና ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሐኪም ያላስወጣውን ቃልም ጨዋታው አስወጣው፤ ከሕመሙ በኋላ የሰማነው የመጀመሪያ ቃሉ ግን እናቴ መንገድ ስትዘጋበት የተናገረው ስለሆነ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ጨዋታው ማስፋፊያ የሚባሉ ተጨማሪ ሳጥኖች አሉት፤ ለብቻቸው አይረቡም፣ ከዋናው ጋር ሲቀላቀሉ ግን አዲስ ነገር ይጨምሩበታል። ሁለቱ ቤታችን ነበሩ። እናቴ የምትወደው የዝናቡን ነው፤ መንገዱን በጎርፍ ታስቆርጥና ሁላችንንም እጅ አጣጥፈን እንድንቀመጥ ታደርገናለች። የእርስዎን ክፍል እስካውቅ ድረስ እንደ እናቴ መንገድ መዝጋት የሚችል ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ግን የድልድዩን ከሁሉ ያስበልጣል። በወጣትነቱ ድልድይ የሌለው ወንዝ ዳር ከነጭነቱ ሳምንት ስለከረመ ይሁን አላውቅም፣ የድልድዩን ቁራጭ ባስቀመጠ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ ያደርጋል።

ባለፈው ዓመት እህቴ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገባችና ባሏ ከእኛው ጋር መኖር ጀመረ። ጨዋታው ለአራት ሰው ብቻ ነው። አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴና እኔ ስንቀመጥ አማቻችን ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆማል። ልነሳለት ስል እምቢ ይለኛል። አባቴም ጨዋታ በጀመርን ቁጥር በጣቱ ወደ እሱ እያሳየ «እሱስ?» ይላል፤ አማቹም «ግድ የለም አባባ፣ እኔ ማየት ነው የምወደው» እያለ ይመልስለታል። ከጥቂት ቃላት በላይ የሌለው ሰው አንዷን በየቀኑ ለዚህ ሲያውላት ማየት ስለከበደን፣ አምስተኛና ስድስተኛ ተጫዋች የሚያስገባውን ማስፋፊያ፣ ሰማያዊውን ሳጥን፣ ከውጭ አስመጣን። ወደ እርስዎ ክፍል የደረሰው ይኸው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ቅጹ ላይ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የመጫወቻ ካርዶች «ስድሳ ካርታ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። የመስኮት ሁለት ሠራተኛዎ ካርታ ማለት ቁማር መሆኑን በትሕትና አስረድተውኝ፣ ቁማርተኛ አለመሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ እንዳቀርብ አዘዙኝ። አቀረብኩ። በሠፈራችን ቁማርተኛ አለመሆኑ በማኅተም የተረጋገጠለት ሰው እኔ ብቻ በመሆኔ፣ ጎረቤቶቼ ከዚያ ወዲህ ይጠራጠሩኛል።

፪ኛ፦ የመስኮት አራቷ ወይዘሮ ሳጥኑን ከፍተው መንገዶቹን ባዩ ጊዜ ካርታ ማለት የምድር ካርታ ነው በማለት ፎቶግራፍ አንስተው ወደ ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ላኩኝ። እዚያ ያሉት ባለሙያ ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ለረጅም ሰዓት መርምረው፣ ከተሞቹ በየትኛውም አገር እንደማይገኙ በደብዳቤ አረጋገጡልኝ። ወይዘሮዋም ደብዳቤውን አንብበው፣ የሌለ አገር ካርታ ማስገባት በእውነት ካለ አገር ካርታ የባሰ ነው አሉኝ። ካርታ ሲባል የይዞታ ካርታ መስሏቸው፣ የስድሳ ቦታ ባለቤት አድርገው ቆጥረውኝ ብድግ ብለው ወንበር ስለሳቡልኝ ስለ ሌላው ባልደረባዎ ግን ከአፌ ክፉ አይወጣም፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

፫ኛ፦ ከአራት ወር ደጅ ጥናት በኋላ ጉዳዬ እርስዎ ፊት ቀረበ። እርስዎም «ማስፋፊያ ከሆነ የሚያሰፋው ዋና ነገር አለ ማለት ነው፤ ዋናው ሳይቀርብ ተጨማሪው አይለቀቅም፤ ዋናውን ይዘው ይምጡ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰማሁት ብቸኛው አስተዋይ ንግግር ስለመሰለኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ አባቴን «ነገ እመልሰዋለሁ» ብዬው፣ ጨዋታውን ከነዝናቡና ከነድልድዩ በጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁ። ጸሐፊዎ ከማስፋፊያው ጋር አመሳከሩት፣ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ፣ ሁሉንም በአንድ ገመድ አሰሩ፤ ከዚያም ዋናው ወደ አገር ሲገባ ፈቃድ ስላልተጠየቀበት እሱም መያዙን ነገሩኝ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው። ስለ ገመዱ ግን አመሰግናለሁ፤ ዋናውንና ሰማያዊውን ሳጥን አብረው ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ይህ ከሆነ አርባ ሦስት ቀን ሞላው። አማቻችን የካርቶን ሳጥን ዘርግቶ መንገዶቹን በእስክሪብቶ ሣለበት፣ ለመኪኖቹ ቆርኪ ሰበሰበ፣ የአምስት ሰው ቦታም አበጀ። አባቴ ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ አየው። አንድ ቆርኪ አነሳ፣ ድልድዩን በዓይኑ ፈለገ፣ ከዚያ ቆርኪውን በአማቹ መዳፍ ላይ አስቀመጠለትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቀኝ እጁ ከዚያን ቀን ወዲህ ከጉልበቱ ላይ አልተነሳም። ሐኪሙ እጁን አለማምዱት ይለናል፤ እናቴ በየቀኑ ቆርኪውን ታቀርብለታለች፣ በየቀኑም መልሳ ታነሳዋለች። «እሱስ?» ማለቱንም ትቷል፤ አሁን ሁላችንም ቆመናልና የሚጠይቅለት ሰው የለም።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። በውሳኔዎ ላይ ይግባኝ የሚባለው ለማን እንደሆነ መስኮት አንድ ጠይቄ፣ ለእርስዎ መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለዚህ በእርስዎ ላይ ያለኝን አቤቱታ ለእርስዎ ሳቀርብ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንደምታዝኑልኝ ተስፋ በማድረግ ነው።

በሕንፃዎ ደረጃዎች ላይ ጫማቸውን ከጨረሱት ሁሉ በትሕትና የማያንሰው፣ ቁማርተኛ አለመሆኑ በማኅተም የተረጋገጠለት፣ የሌለ አገር ካርታ አስመጪ፣ የጡረተኛው ሹፌር ልጅ፣
መጽሐፍ ጠራዡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ በሕንፃዎ ውስጥ መብራት ተበላሽቶ የተጠራው ሠራተኛ የእኛው አማች ነበር። በምሳ ሰዓት በዕቃ ማከማቻው በኩል ሲያልፍ፣ አራት ባልደረቦችዎ ሰሌዳችንን ዘርግተው ሲጫወቱ፣ አምስተኛው ደግሞ የፋይል መደርደሪያ ተደግፎ ቆሞ ሲያይ አግኝቷቸዋል። አልከስም፤ ጨዋታው ሰው ይይዛል። ሰማያዊው ሳጥን ግን ለብቻው እንደገና በገመዱ ታስሮ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር አለኝ። ዋናው ስለቀረበ መመሪያዎ የሚከለክለው ነገር የለምና፣ እባክዎን ይፍቱትና ለዚያ ሰው ቦታ ያስገኙለት። አማቻችን ያን ቀን ማታ እንደነገረኝ፣ ቆሞ ማየት የሚያደክመው እግርን አይደለም።