ሞተሯ አልገደለችውም

ረቡዕ፣ የካቲት 6። ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ሰልፍ ላይ። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ስለ ትራፊክ አደጋ አነበበች። ፍጥነት ይገድላል፣ ወዘተ። ከዚያ ምሳሌ አመጣች፦ በቅርቡ በሞተር ሳይክል አደጋ ያጣነው የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ወጣት ሰይድ። ተማሪው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ወንድሜን ለምሳሌ!

ደብተሬ፣ አንተ እንኳን እወቀው። ሰይድ ሞተር ላይ አልሞተም። ጥር 15 ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ከሚኒባስ ወርዶ፣ ወደሚሠራበት ፋብሪካ አስፋልት ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው። ሞተሯ ያን ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ሸራዋን ለብሳ ቆማ ነበር። ለት/ቤት ስወጣ በአጠገቧ አልፌያለሁ። ምስክሩ እኔ ነኝ።

የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መ/ር ዘንድ ሄጄ ይታረም አልኩ። ትከሻዬን ይዞ አዘነልኝ። አንጀቴን የሚያቃጥል ማዘን። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ለቅሶ ሲደርስ የነገሩት አባቴ ራሳቸው ናቸው።

አባ? አባ እንዲህ አሉ?

ዓርብ፣ የካቲት 8። 11፡00

አሉ። በጆሮዬ ሰማሁ።

ከገጠር የመጡ የቅሬ (የእድር) ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ዱአ አደረጉ። አንዱ እንዴት እንደሞተ ጠየቃቸው። አባ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ያቺ ሞተር በላችብኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ድሮስ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ አሉ። ድሮስ! እማ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች።

ደሴ ሰይድን «ባለ ትልቋ ሞተር» ብሎ ነው የሚያውቀው። ሞተ ሲባል ሁሉም የገመተው ያንኑ ነው። አስከሬኑን ብቻቸውን ሄደው ያመጡት አባ ናቸው። እውነቱን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማስተባበል ሲገባቸው እሳቸው ራሳቸው ይጨምሩበታል።

ሰላማዊት ደግሞ፣ የአንድ ለአምስታችን መሪ፣ ሪፖርቷ ላይ «በሐዘን ምክንያት ተሳትፎው ቀንሷል» ብላ ጻፈችብኝ። በሐዘን አይደለም። በንዴት ነው። እሱንም ጻፊው አልኳት። ጻፈችው!

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጌታቸው ከገራዶ መጣ። እዚያ ጋራዥ አለው፤ የሰይድ የልብ ጓደኛ። የመጣሁት ለለቅሶ ብቻ አይደለም አለኝ፣ ግቢ ውስጥ ለብቻዬ።

ነገሩ ይሄ ነው። እሑድ ኮምቦልቻ የአውሮፕላን ሜዳው ላይ የአዲስ አበባ ባለ ሞተሮች ተሰብስበው ይነዳሉ። ውድድር አይደለም፤ ሽልማትም የለም። የትራፊክ ኮን ተደርድሮ፣ በየተራ፣ ከመኪናና ከበግ ነፃ በሆነ አስፋልት ላይ ሞተሩ አቅሙ እስከፈቀደ ይዞራሉ። ሰይድ ከኅዳር ጀምሮ ተመዝግቦ ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሸጠለት ቀን ጀምሮ፣ ይቺ ሞተር ለረጅም መንገድም ለሩጫም የተሠራች ናት፣ ሩጫዋን ግን ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሞክሬ መሞት አልፈልግም፣ ሜዳ ነው የምፈልግላት ይል ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ነው «ፍጥነት ይገድላል» የሚነበብበት!

ጌታቸው በሱ ቦታ ሊነዳት ይፈልጋል። ቁልፉ ግን የለም። ሰይድ ኪስ ውስጥ አልነበረም። አባ ጋ ነው ብዬ ገመትኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14። ማታ ከሶላት በኋላ

አባን ቁልፉን ጠየቅኋቸው። አርባው እንኳ ሳይወጣ ጨዋታ አሉ። ጨዋታ አይደለም፣ የሰይድ ቀጠሮ ነው አልኩ። ከሰደቃው በኋላ ትሸጣለች፣ ዓይኔ አይያት አሉ። ያኔ አመለጠኝ። ምን አደረገችዎ? ሚኒባስ እንደተሳፈረ እርስዎም ያውቃሉ፣ ለምን ይዋሻሉ?

በሕይወቴ ለአባቴ «ይዋሻሉ» ብዬ አላውቅም።

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመቱኝም። እማን ፈለግ አድርገው አዩ፤ ማድቤት ነበረች። ቀስ ብለው፣ «ከድር፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት ሚኒባስ የሚል ቃል እንዳልሰማ» አሉኝ።

በል እንግዲህ ደብተሬ፣ ፍረድ! ሟችን በሐሰት መክሰስ ሐላል፣ እውነት መናገር ሐራም። እሑድ 24 ሰደቃው ላይ፣ ቅሬው በሙሉ በተሰበሰበበት፣ ተነሥቼ እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16። 4፡00 ጠዋት



አባ ገበያ ሄዱ። እማ ጠራችኝ። የበርበሬውን ቅል አወረደች፤ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ቁልፉ። በርበሬ ለብሶ። ተቀበልኩና ሦስት ጊዜ አነጠስኩ። እማ ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ ፊቷ ተበላሸ።

የደበቀችው እሷ ናት። ሰይድ የሞተ ቀን ጠዋት ከሐረጎ የመጣ ሰው ጉሙ እጅ አያሳይም ብሏት ነበር። እኔ ገና ተኝቼ ሳለሁ ሰይድ ቤቱን ሁሉ ፈለገ። የት አባቱ ገባ እያለ። ሰዓት ረፈደበት። እሷ እንደሆነች ነቃባት፤ ሳቀ፤ «እሺ እማዬ፣ በሚኒባስ» ብሎ ግንባሯን ስሞ ወጣ።

አባ የሚያውቁት እሷ ስለነገረቻቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን። ሚኒባስ ከተባለ ሰው ሞተሩንስ ለምን ተወው ይላል። ቀጥሎ ያስገደለችው እናቱ ናት ይላል። ብረት አይከፋውም፣ ብረቷ ላይ እንጣለው አሏት።

አቅፌያት ቆምኩ። ንዴቴን የማስቀምጥበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። እሷ ግን ዓይኗን ጠርጋ፣ ውሰዳት አለችኝ። ትሩጥለት።

እሑድ፣ የካቲት 17። ማምሻ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ ይጠፋኛል።

ጠዋት 12፡30 አባ መስጊድ እያሉ ወጣን። ጌታቸው ይነዳል፣ እኔ ከኋላ። ሐረጎ ጥርት ብሎ ነበር። ጌታቸው ቁልቁለቱን እንደ ሙሽራ በቅሎ ነው ያወረዳት።

ሜዳው በር ላይ ደንቡ ይሄ ነው፦ የጎን ሳጥኖቹ ይፈታሉ፣ መስታወቶቹ ይፈታሉ፣ ታርጋው ይነሣል፣ መብራቶቹ በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ቢወድቅ ስብርባሪው ሌላውን እንዳይጥል። እኔ ፈታሁ፣ ጌታቸው ሸፈነ። ልክ አዲስ ሞተር። ከዚያ ሞተሮቹን የሚፈትሸው መርማሪ መጣ። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር አየ፤ ሞተሯን አየ። የሰይድ ናት አይደል አለ። ባለቤቷን የገደለች ሞተር አላስገባም። የተጋጨች ናት፣ አጥንቷ ተጣሞ ይሆናል።

ጌታቸው በማርያም ማለ። ጭረት አሳየኝ አለው፣ አንዲት ጭረት! እኔ ጮህኩ። አልገደለችውም፣ እግረኛ ሆኖ ነው የሞተው! ሰውዬው ዕድሜዬን ገመተና፣ «ማሙሽ፣ ደሴ በሙሉ የሚለውን አንተ ታስተባብላለህ?» አለኝ። ማሙሽ! ውሸቱ ከኛ ቀድሞ ሐረጎን ወርዶ በር ላይ ጠበቀን።

ሳጥኖቹን መልሼ ልገጥም ጎንበስ እንዳልኩ ድምፅ ሰማሁ። አባ። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ከባጃጅ ሲወርዱ፤ ሞተሯን ከግቢ ሲያጡ የት እንደሄድን አልጠፋቸውም። አለቀልን አልኩ።

መርማሪው አክብሮ ሰላም አላቸው። አባቱ ከሆኑ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ልጅዎ የሞተው በዚች ሞተር አይደለም? አላቸው። አባ ፕላስተር የለበሰውን መብራት ዳሰሱ። አሁን ይዋሻሉ አልኩ። ቢዋሹ ደግሞ ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ይሄ ነው የከፋው።

«ሞተሯ ቤት ነበረች» አሉ። «ልጄን ሌላ መኪና ነው የገጨው። ያልኩት ሐሰት ነው። አስገባት።»

ገባች። አራት ዙር እስክትሞቅ፣ ከዚያ ጌታቸው ለቀቃት። ቀጥታው ላይ ስታልፍ ደረቴ ውስጥ ነው የጮኸችው። አባ ከጎኔ ቆመው ጥርሳቸውን ነክሰው ያዩ ነበር። ኩርባው ላይ ጌታቸው ፍሬን ሲያበዛ፣ «ይሄ ምኑን ይነዳል! ሰይድ ቢሆን...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ኩታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞሩ።

ስንመለስ ቤት ሦስት ለቀስተኞች ጠበቁን። የት ዋላችሁ ተባለ። አባ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ደፉ። ያቺ ሞተር፣ አሉ።

ኮምቦልቻ ላይ ለማያውቁት ሰው እውነት፣ ቧንቧ ውሃ ላይ ለጎረቤት ውሸት! ደሜ እንደገና ፈላ። እማ ተነሥታ ወጣች።

ሰኞ፣ የካቲት 18። ክፍል ውስጥ፣ በእረፍት

ሰደቃው ላይ አልነሣም። አባን ሰው ፊት አላዋርድም። ግን ሰይድም በየሰልፉ እንደ ጥፋተኛ አይነበብም። ዓርብ ሚኒ ሚዲያው ላይ ራሴ አነባለሁ፤ ለመ/ሩ ነግሬያለሁ፣ ሰላማዊትም በሪፖርቷ አስገብታለች። ሰይድ ጠንቃቃ ነጂ ነበር። በእግሩ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው። ይሄንኑ።

መ/ሩ ወዲያው ምን አለኝ? ታዲያ ያን ቀን ሞተሩን ለምን ተወው?

ያው ጥያቄ። ሁሉም የሚጠይቀው።

አልነሣ ብላው ነበር አልኩት። ባትሪ።

ውሸት ነው። አንድ ጠዋት እንኳ እምቢ ብላው አታውቅም። ጌታቸው ቢሰማ ይጣላኛል። ዓርብም ከጠየቁኝ እንደዚያው እላለሁ፤ አባ ሲሰሙም ለእማ ስል እንደዋሸሁ ያውቃሉ።