ያልሞተች ልጅ ለቅሶ

ቦትሻቤሎ፣ ኬ ሰፈር
ሐሙስ፣ ኦገስት 8 ቀን 2019

ይድረስ ላንቺ፣ ለልጄ ለፑሴሌትሶ፣

መጀመሪያ ነገር፣ እንዳትቀድጂው። የእጅ ጽሑፌን ፖስታው ላይ ስታዪ ደምሽ እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ ቁጣሽ ቶሎ መንደዱ ከኔ የወረስሽው ነው። ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከዚያ ብትቀድጂውም አልቀየምሽም።

ጓደኛሽ ምፖሎኬንግ ለእረፍት ከኮሪያ መጣች ሲሉኝ ቤቷ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የልጄን አዲሱን ስልክ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። "እማማ ይቅርታ፣ አስምላኛለች" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። "ታዲያ ደብዳቤ ትወስጂልኛለሽ?" ስላት፣ "ደብዳቤ አትቀበዪ አላለችኝም" ብላ ሳቀች። እግዜር ይስጣት። ከስተሻል አለችኝ። የምታስተምሪያቸው ልጆች ግን "መምህር ፑሴ፣ መምህር ፑሴ" እያሉ በየመንገዱ ይከተሉሻል ስትለኝ ደስ አለኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ በዚህ ብርድ እንደ ልማዱ ነው። የጓሮው ቧንቧ በውርጭ ፈንድቶ ውሃ የምታቀብለኝ ጎረቤታችን ማ-ቱሜሎ ናት፤ እሷም አሁን አታናግረኝም፣ ባልዲውን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ዘወር ትላለች። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ይሁን። ልጄ፣ ለቅሶ ተቀምጬብሻለሁ። በሕይወት እያለሽ እዚህ ቤት ሞተሻል ተብሎ ተለቅሷል። ሞታለች ያልኩትም እኔው ነኝ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ያ ቁጥርሽን የወሰደብኝ ሰውዬ ሴቻባ ይባላል። ያኔ ስትጮኺብኝ እንዴት እንዳታለለኝ እንኳ አላስረዳሁሽም። እንደ ሌሎቹ ዕዳ አስመላሾች አልነበረም። "እማማ እንደምን አደሩ? ብርዱ እንዴት አረገዎት?" ብሎ ነው የጀመረው። ወገናችንን፣ በየትኛው አውሬ ስም እንደምንጠራ፣ ጠየቀኝ። የአዞ ወገን ነኝ ስለው፣ "በሉ እንግዲያው የሥጋ ዘመዴ ነዎት፣ እኔም አዞ ነኝ!" ብሎ የወገናችንን ውዳሴ ከላይ እስከ ታች ወረደልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አሳምሮ ሲለው የሰማሁት ሰው የለም። ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። "ፑሴሌትሶ እንግዲህ እህቴ ናት ማለት ነው። ለሷ የሚበጅ ነገር ይዤ ነበር፣ የኮሪያ ቁጥሯን ባገኝ" አለኝ። የአዞ ልጅ፣ ውዳሴያችንን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ፣ ይዋሸኛል ብዬ በምን ልጠርጥር? ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩለት። እንዳይሳሳት ብዬ ሁለቴ።

በሳምንቱ ደወልሽ። "እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ደውለዋል። ዳይሬክተሩ አስጠርቶኝ በመምህራኑ ፊት ነው የጠየቀኝ። ቁጥሬን ለማን ነው የሰጠሽው?" አልሽኝ። ያኔ "አጥፍቻለሁ" ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ። "በብድሩ ጫማና ፀጉር ስትገዢ መቼ አማከርሽኝ!" አልኩሽ።  የልጆች ጫጫታ ከወዲያ ይሰማኝ ነበር። "እሺ እማዬ" አልሽና ዘጋሽው። ይኸው አስራ አራት ወር።

አንቺን ሲያጡሽ እኔ ላይ ዞሩ። ሴቻባ ጠፋና በሱ ቦታ አንዲት ሴት መጣች፣ ስሟን የማትናገር። ፊቴን ሳልታጠብ ትደውላለች። ጸሎት ላይ ሆኜ ትደውላለች። "ልጅሽ ያልከፈለችው ክሬዲት ካርድ ሁለት ነው፤ እሷ ኮሪያ ተንፈላሳ ትኖራለች፣ አንቺን እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?" ትለኛለች፤ እኔን አሮጊቷን "አንቺ" እያለች! ለቄሱ ደወለች። ለዕድራችን ሊቀመንበር ደውላ "የማኅበር ገንዘብ እሷ እጅ እንዳታስቀምጡ" አለቻት። ሐሙስ ሐሙስ የጸሎት ማኅበራችንን ቀይ ሸሚዝ ለብሼ ጸሎት ቤት ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ቁርጥ ያደርጉ ጀመር። ሌባ አሳደገች ተባልኩ። እኔም ሞኟ በልቤ አንቺን ረገምኩ። እውነቱን ልጽፍልሽ ስለማልኩ ነው ይህን የምነግርሽ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ደወለች። ስልኬ ጆሮው ሞቶ በስፒከር ካልሆነ አይሰማም። "ዛሬ ሰው ልከን ዕቃሽን እናስወጣለን። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ አልጋውን" አለችኝ። አልጋው አባትሽ የሞተበት ነው። እሷ ምኑን ታውቃለች? ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። "ሞታለች!" ብዬ ጮህኩ። "ልጄ ሞታለች! ከሞተ ሰው ምን ትፈልጊያለሽ?"

አፌን ቆርጦ ይጣለው። ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አላውቅም።  ሴትዮዋ ለስለስ ባለ ድምፅ "አላወቅኩም ነበር እማማ። እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለችኝ። የሞት ማስረጃ እንድልክላት ነግራኝ ዘጋች። ተገላገልኩ ብዬ ዞር ስል ማ-ቱሜሎ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና አጥሩ ጋ ቆማለች። "ፑሴ? የኛ ፑሴ?" አለችና እሪታዋን ለቀቀችው።

አይደለም፣ ውሸቴን ነው፣ ማለት ነበረብኝ። ግን እሪታው እሪታ እየጠራ ከየቤቱ ሰው ተንጋግቶ ገባ። አልጋዬን አወጡት። ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፉት። አንዷ መስኮቱን አመድ ቀባችው፣ ሌላዋ መስታወቱን ሸፈነችው፣ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝና አስቀመጡኝ። እኔም ተቀመጥኩ።

ለምን እንደተቀመጥኩ ልንገርሽ? ሲያለቅሱልሽ ደስ አለኝ። አትደንግጪ። አስራ አራት ወር ሙሉ ስምሽን በመልካም ያነሳ ሰው የለም። በሕይወት ላለች ልጅ ማን "አይዞሽ" ይላል? ያን ቀን ግን ያቺ ሌባ አሳደገች ስትል የከረመችው የመዘምራኑ መሪ ሳትቀር አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ "ያቺ ትሑት ልጅ! ያቺ አንገቷን ደፍታ የምታልፍ ልጅ!" እያለች ደረቷን ደቃች። ሕፃን ሳለሽ የቄሱን ኮፍያ አድርገሽ የሰበክሽውን አወሩ። እኔም አለቀስኩ ልጄ፣ ከልቤ አለቀስኩ። ማንም ሐሰት ነው ሊል አይችልም። ለካ ስንት ጊዜ ተጠራቅሞብኝ ኖሯል።

በማግስቱ አክስትሽ ሴማካሌንግ ከታባ ንቹ ደረሰች። "ማን ደወለልሽ? በምን ሞተች? ሬሳዋስ መቼ ይገባል?" ብላ አፋጠጠችኝ።  ይህኔ የዕድሩ ሊቀመንበር ፖስታ ይዛ መጣች። አንቺን ከኮሪያ ማስመጫ ብሎ ሰፈሩ በሙሉ አዋጥቷል። ያ ማየት የተሳነው ሽማግሌ ራማቲ ሳይቀር ከጡረታው ሰጥቷል። ፖስታውን ጭኔ ላይ ስታስቀምጥልኝ እሳት የነካኝ መሰለኝ።

"አልሞተችም" አልኩ። እየዘመሩ ስለነበር ማንም አልሰማኝም። ደግሜ "ልጄ አልሞተችም፣ ዋሽቼ ነው!" አልኩ። መዝሙሩ መሐል ላይ ተቆረጠ።

"ምን አልሽ አንቺ?" አለች አክስትሽ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማ-ቱሜሎ "ሁለት ጆንያ ጎመን ከትፌ!" ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። አክስትሽ "በወንድሜ ቤት በወንድሜ ልጅ ሞት ይቀለዳል? ልጅቷ አንቺን ሸሽታ መሄዷ አሁን ገባኝ" ብላኝ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። አንድ በአንድ ሄዱ። ፍራሹን ብቻዬን ጎትቼ አልጋው ላይ መለስኩት።

ሐሙስ ዕለት ለሴትዮዋ ራሴ ደወልኩላት። "ልጄ በሕይወት አለች፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ" አልኳት። ትሰድበኛለች ስል፣ መዝገቡ ያለው እሱ ጋ ነው ብላ ሴቻባን አገናኘችኝ።

"እማማ" አለ፤ አፍሯል።

"እማማህን ተዋት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጄ ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን አደረገችው?"

"ለሌላ ሰው መናገር አይፈቀድልኝም።"

"አዞ ነኝ ብለኸኝ የለም እንዴ? ባፍህ ውዳሴያችንን አላልክም? እናትህን አንዴ አታልለሃል፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ!"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልኝ። የሬሳ ሳጥን። ድንኳንና ሁለት መቶ ወንበር። በሬ። የታባ ንቹን ሰው ያመጣው አውቶቡስ። "ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው እማማ፣ ኦገስት 2017" አለኝ። ሌላስ አልኩት። "ሌላ የለም። ከዚያ ወዲህ ያለው ወለድ ነው።" ጫማስ አልኩት። "ጫማ የለም እማማ።"

ፑሴዬ፣ አባትሽን የቀበርንበት ሳምንት ነው። "እማዬ ቀለል እናድርገው፣ አባዬ ራሱ ግርግር አይወድም" ስትዪኝ ትዝ ይለኛል። እኔ ምን አልኩሽ? "ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በታች ወርቅ ሲቆፍር የኖረ ሰው፣ ደመወዝተኛ ልጅ እያለችው እንደ ውሻ በጣውላ ይቀበር? ከየትም ፈልገሽ አምጪ!" አልኩሽ። አመጣሽ። ከየት እንዳመጣሽው አልጠየቅኩም። የአባትሽ የማዕድን ሥራ ጡረታ ገብቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ልጄ፣ ያልጠየቅኩት እንዳላውቅ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ "በኬ ሰፈር እንዲህ ያለ ቀብር አልታየም" ሲለኝ ኮርቼ ነበር። በገዛ ባሌ ቀብር ኮራሁ። አንቺ እሱን ልትከፍዪ ባሕር ተሻገርሽ፣ እኔ "ጫማና ፀጉር" አልኩሽ። "የአባዬ ቀብር ነው" ብለሽ አፌን ልታስይዢኝ ስትችዪ "እሺ እማዬ" ብለሽ ዘጋሽው። ያ "እሺ" ነው አንጀቴን የሚበላው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጸሎት ቤት ተነስቼ ቆምኩና የበሬውን ሥጋ ለበሉት ሁሉ ነገርኳቸው። ማን እንደከፈለው፣ ማን እንዳስከፈላት። መዋጮውንም በየስማቸው መልሻለሁ። ከዕድሩ ወጥቻለሁ። ለዕድሩ ወር በወር የምከፍለው አሁን ወደ ካርድሽ ይገባል። ትንሽ ናት፤ ግን ሴቻባ ክፍያዋ እስካልተቋረጠች ድረስ አንቺ ጋ ማንም እንዳይደውል አስፈርሞልኛል፤ ወረቀቱ ፖስታው ውስጥ አለ፣ እዪው።

እኔ ስሞት ድንኳን የለም። በሬ የለም። ሳጥንም አልፈልግም፣ በግራጫው ብርድ ልብሴ ጠቅልዪኝ። የሚያማ ይማ። ይህን በገዛ እጄ የጻፍኩት ማንም መጥቶ "ለእናትሽ ይህ ያንሳታል" ብሎ ከየትም አምጪ እንዳይልሽ ነው።

ከዕድሩ ስወጣ ሊቀመንበሯ እጄን ይዛ ለመነችኝ። "አብደሻል እንዴ? ሃያ ስድስት ዓመት ከፍለሽ! ስትሞቺ ማን ሊቀብርሽ ነው?" አለችኝ።

"ልጅ አለችኝ" አልኳት።

ዋሸሁ እንዴ ፑሴዬ?

በሰው አገር ብርዱ አያግኝሽ፣ ክፉ ድምፅ ደጅሽ አይድረስ፣ የምታስተምሪያቸው ልጆች ይውደዱሽ።

አጥፍቻለሁ።

እናትሽ