«ሰርቷል» የተባለው ማሞቂያ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬ ስኳር ወረደላት? የድሬ ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ስልክህን ያላነሳሁት ንቄህ አይደለም፤ ይህን በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው።

የምሠራበት ድርጅት ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ እንደሚሠራ ታውቃለህ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም በ«ሲ» የኮምፒውተር ቋንቋ የምንጽፈው እኔና አለቃዬ ኪሩ ነበርን። በነሐሴ ኪሩ የማሽኑ መረጃ በሚቀመጥበት ስትራክቸር ውስጥ «የሙቀት ጣሪያ» የሚል አዲስ ቦታ ጨመረ፤ መነሻ ቁጥር ግን አልሰጠውም። አንተው «ሲ»ን ስታስተምረኝ እንደነገርከኝ፣ ያልሞሉት ቦታ ባዶ አይደለም፤ ቀድሞ እዚያ የነበረ ማንኛውም ቁጥር ሊገኝበት ይችላል። መጀመሪያ ሁሉንም ዜሮ እናድርገው፣ ከዚያ ትክክለኛውን እንሙላ አልኩት። «አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ሰርቷል። በቃ አታካብጂ» አለኝ። ማሽኖቹን ለሆስፒታሎች የምናስረክበው በማግስቱ ነበር። እኔም «መርምሬያለሁ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሞቂያው እንደ አዲስ ተነሳ። ኪሩ ባልሞላው ቦታ የተገኘው አንድ የማይረባ ትልቅ ቁጥር ስለነበር ሙቀቱን የሚያቆም ነገር ጠፋ። ወለተማርያም የምትባል ነርስ ደርሳ ውስጡ የነበረችውን ሕፃን አወጣቻት። ሕይወቷ ተርፏል፤ ጀርባዋ ግን ተቃጥሏል።

ኪሩ «የመብራት መዋዠቅ ነው» የሚል ሪፖርት አዘጋጅቶ ፈርሚ አለኝ። እምቢ ብዬ እውነቱን ለሆስፒታሉ ጻፍኩ። ማሞቂያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ተስተካከሉ። የጎደለው አንድ የፕሮግራም መስመር ነበር፣ ወንድሜ፤ አንድ መስመር! እኔ ተባረርኩ፤ ኪሩ ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው።

ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም። የሕፃኗን እናት ደብሪቱን ልጠይቃት ሄድኩ፤ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። «ቀድመሽ አውቀሽ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የወሰድኩላትን ብርቱካን መልሳ በእጄ ሰጠችኝና በሩን ዘጋች። እስከ ዊንጌት በእግሬ መጣሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

ባለቤትህን ኡመይማን ሰላም በልልኝ። አሽረፍንና ሀያምን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብብላት። «ልጄ ሕፃናት የሚያድን ማሽን ትሠራለች» እያለች ለጎረቤት ሁሉ እንደምታወራ ነግረኸኛል።

እህትህ ጀዊሪያ
ጉለሌ፣ ዊንጌት
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.