በአፍንጫው ጫፍ ያለችው መርፌ

ይድረስ ለልጄ ለኤሚሊያን፤

ሰላምታዬ ከእነናፍቆቴ እስከ ጦር ሰፈርህ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፤ የጓሮው ወይራም ዘንድሮ በርትቷል።

ከሚራዥ የጦር አውሮፕላንህ ጋር የተነሣኸውን ፎቶ ባለፈው እሁድ ለጎረቤታችን ለሙሴ ፎርኒዬ አሳየሁት። የዚህ አውሮፕላን ሁለቱም ዓይነቶች እዚህ ከተማችን ኢስትር ሲሞከሩ እሱ መካኒክ ነበር። እንደነገርከኝ፣ «ልጄ የሚያበረው ተራ ቦምብ የሚጥለውን ነው» ስለው ሳቀብኝ።

«አይ ማርተ! የአውሮፕላን መጽሔት ማገላበጥ ብቻውን መች ያስተምራል? አውሮፕላኑ አፍንጫ ጫፍ ላይ ያለችውን መርፌ የመሰለች ዘንግ እያት። ያኛው፣ ተራ ቦምብ የሚጥለው፣ የለችውም። ይሄ ታላቅየው ነው፤ መጀመሪያ የሠራነው፣ የኒውክሌር ቦምብ የሚሸከመው።»

«መነጽርህን ቀይር!» አልኩት። ግን ፎቶውን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ መጽሔቶቼን ሁሉ አየሁ፤ ሰውየው አልተሳሳተም።

ከዚያ ወዲህ አባትህ ትዝ ይለኛል። የኒውክሌር ቦምቡ ወደሚሞከርበት ሰሐራ በረሃ «ሂድ፣ ሹመት ታገኛለህ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ታሞ ሲመለስ ስለዚያ ሥራ አልነገረኝም፤ እኔም እስኪሞት አልጠየቅሁትም።

አንተስ፣ እህል ይበላልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ለገና ና። ጥንቸሉን በሰናፍጭ እሠራልሃለሁ። ስለ ሥራህ አልጠይቅህም። መናገር ከፈለግህ ግን ሳላቋርጥህ እሰማሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው።

ግንባርህን ከሩቅ የምትስም እናትህ፣
ማርተ