አፉ ያልተከፈተው ሽማግሌ

ውድ ልጄ፣

የምጽፍልሽ ስልኬን እንደማታነሺ ስላወቅሁ ነው። ብታነሺም እኔ ስልክ ላይ ድምፄን ማሳመር ልማዴ ነው፤ ያንን ድምፅ ደግሞ ከእንግዲህ የምታምኚው አይመስለኝም።

ወደ አማርኛ የምንመልሰው ያ የኒንጃዎቹ የካርቱን ፊልም ትናንት ተቀርጾ አለቀ። በወንዝ ማዶ ለማዶ የሚኖሩ ሁለት የተጣሉ ጎሳዎች፣ የአንደኛው አለቃ ልጅ የባላንጣውን ልጅ ወዳ... ላንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለአለቃው ድምፅ የምሰጠው እኔ፣ እቤት የልጅቱን ቃል እያነበብሽ የምታስጠኚኝ አንቺ ነበርሽ። ሻይሽ እየቀዘቀዘ፣ "አባዬ ቀስ በል እንጂ፣ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ቀደምከው" ስትዪኝ አሁንም ይሰማኛል። የሥራችንን ሕግ ታውቂዋለሽ። ከንፈር ከተንቀሳቀሰ ቃል ይገባል፤ ካልተንቀሳቀሰ ዝም ነው።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ፤ "እጮኛዬ ነው" ብለሽ ልጁን ይዘሽ ገባሽ። የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አፍንጫው ቁርጥ የአባቱ ነው። አባቱ የድሮ ባልንጀራዬ። አብረን ስቱዲዮ ከፍተን፣ ስንለያይ አንዲት ማይክራፎን "የኔ ናት፣ የኔ ናት" ተባብለን እስከ ዛሬ የተኳረፍን። እሱ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ከከፈተ ወዲህ እኔ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም። በማይክራፎን፣ ልጄ። ስጽፈው ያሳፍራል። ማይክራፎኗም ብትሆን ከተበላሸች ቆይታለች።

ስናደድ የራሴ ቃል ጠፋኝ። አፌ ላይ የነበረው ሳምንቱን ሙሉ ሳጠናው የከረምኩት ነው። በአለቃው ድምፅ፣ ከሆዴ አውጥቼ፣ "ወንዙን ከተሻገርሽ ልጅ አልነበረኝም" አልኩሽ።

ልጁ ደነገጠ። አንቺ አልደነገጥሽም፤ ራስሽ ያስጠናሽኝ ቃል ነዋ። ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየሽኝ። እስቃለሁ ብለሽ የጠበቅሽ ይመስለኛል። "ቀልዴን ነው" ብል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። ያን ጊዜ የልጅቱን መልስ በቃልሽ መለስሽልኝ፦ "እንግዲያው አባት እንደነበረኝ እኔ አስታውሳለሁ።" ቦርሳሽን አንስተሽ ወጣሽ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ዕድሜ ልኬን እንጀራዬን የበላሁበት አፍ ነው የከዳኝ። በደለኛ ነኝ። የገዛ ቃሌ እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እኔ ልጄን ያባረርኩት በተውሶ ቃል ነው።

ትናንት የመጨረሻውን ክፍል ቀረጽን። ልጅቱ ወንዙን ትሻገራለች፤ አለቃው ዳር ቆሞ ያያታል፤ አፉ ግጥም እንዳለ ነው። የኔ ሥራ መተንፈስ ብቻ ነበር። ጀርባዋን ሳይ አላስቻለኝም።

"ልጄ፣ ተመለሺ" አልኩ።

የቀረጻው ኃላፊ አቆመው። "ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ አፉን አልከፈተም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"እንድገመው።"

ደገምነው፤ እኔም ደገምኩት። እንደገና ስለው ኃላፊው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ፣ "ጋሼ፣ እቤት ሰላም ነው?" አለኝ። በመጨረሻ ትንፋሼን ብቻ ቀርጾ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘኝ።

ስለዚህ ፊልሙ ሲታይ ሽማግሌው ዝም እንዳለ ይቀራል። እሱስ ምን ያድርግ፤ አፉን ዘግተው ነው የሳሉት። እኔን ማን ዘጋኝ?

በእጮኛሽ አባት ስቱዲዮ ሥራ መጀመርሽን ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በሰው አልልክም። ነገ ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ራሴ አመጣዋለሁ። በሩን የምትከፍቺው አንቺ ከሆንሽ ከኪሴ አላወጣውም፤ ይቅርታዬን በአፌ ልነግርሽ እሞክራለሁ። ቢንተባተብብኝ እንደ ድሮው ታገሺኝ። የሚከፍተው ያ የድሮ ባልንጀራዬ ከሆነ ግን ምን እንደምለው አላጠናሁም። "እንደምን አደርክ" ከወጣልኝ፣ ደብዳቤውን ላንቺ እንዲሰጥልኝ እለምነዋለሁ።

ይህን እያነበብሽ ከሆነ እንግዲህ ሰላምታው ወጥቶልኛል ማለት ነው። ደጅ ቆሜያለሁ።

አባትሽ