የሽመላዋ ምስክርነት

ኅዳር ፲፪ ቀን

የዓይኔ ብርሃን፣ የበኩር ልጄ ሆይ፤

ባሕር ላሻገረህ አምላክ ምስጋና ይግባውና እናትህም እኔም በጤና አለን። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጉልበቴ አይደለም። የአጎትህ ሐሰት ፀሐይ ሞቆታል።

አጎትህ ረግረጉን በቦይ አጠንፍፎ ሊያርሰው በተነሣ ጊዜ፣ አንተ «ይህ ከሰሜን ብርድ የሚሸሹ ወፎች ማረፊያ ነው» ብለህ በሽማግሌዎች ፊት ቆመህ ነበር። እርሱ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ጨብጦ «በዕድሜዬ አንድም ሽመላ አርፎበት አላየሁም፤ ልጁ መሬቱን ለራሱ ፈልጎ የፈጠረው ተረት ነው» ሲል ማለ። እኔ ልናገር ስነሣ «አባት ለልጁ አይመሰክርም» ተብዬ ተቀመጥሁ። አንተም «የወፍ ጠበቃ» የሚል ስም አትርፈህ፣ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜን ሰላምታ በአፌ እመልሳለሁ፤ በልቤ ግን የዳዊትን የእርግማን መዝሙር እደግምበታለሁ። የንስሐ አባቴ «በቀል የእግዚአብሔር ነው» ይሉኛል። «አውቃለሁ አባቴ፤ እንዳይዘነጋው አስታውሰዋለሁ እንጂ» እላቸዋለሁ።

እርሱም አልዘነጋውም። ዘንድሮ ዝናቡ በርትቶ ቦዩ በደለል ተደፈነ፤ ውኃውም ወደ ጥንት ቤቱ ተመልሶ የአጎትህን ማሳ እኩሌታ ያዘ። ትናንት የወፍ ባለሙያዋ ባለሦስት እግር መነጽሯን ተሸክማ የዘመኑን እንግዶች ልትመለከት መጣች። እኔም ያን ቀን የፈረዱብህን ሽማግሌዎች «ወጣ ብለን ነፋስ እንቀበል» ብዬ ጠራኋቸው። አጎትህንም ጠራሁት። ብቀር ፈራ ይሉኛል ብሎ መጣ። ጠባዩን አውቃለሁ፤ አንድ ጡት ጠብተን አድገናል።

ጭጋጉ ገና ከሸምበቆው ላይ አልተገለጠም ነበር። ዳክዬዎቹ ከውስጥ ይንጫጫሉ፤ አይታዩም። የታረሰው መሬት ከውኃው ጋር በሚገናኝበት ዳር ግን ሽመላዎቹ እንደ ቀዳሾች ነጭ ለብሰው፣ ጥቁር የክንፍ ጫፋቸውን አጥፈው ቆመዋል። ባለሙያዋ መነጽሯን ስታስተካክል ድንገት ጮኸች።

«አንዷ ቀለበት አላት! አረንጓዴ፣ ግራ እግሯ ላይ! ይህ ቀለም እኮ ለዚህ ረግረግ ብቻ የተሰጠ ነው። እዚሁ ነው የታሰረላት!»

አንተ ከሙግቱ በፊት ከሞተው የባለሙያዋ መምህር ጋር ጭቃው ውስጥ ተንበርክከህ ያሰርህላት ናት። ምንቃሯን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ የጣቴ ጠባሳ እስካሁን አለ።

«ምንድን ነው? ወፍ ነው?» አሉ ጆሯቸው የከበደው ሽማግሌ።

«ወፍ አይደለችም አባቴ፤ ምስክር ናት» አልኋቸው። ወደ አጎትህም ዞሬ «ቅደም ወንድሜ፤ ማሳው ያንተ ነው» አልሁት።

«ዓይኔ ደክሟል፤ እነርሱ ይዩ።»

«ያየውን ሲክድ ያልደከመ ዓይን ዛሬ ምን ነካው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳቃቸው ማር ማር አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ባይለኝም ማርነቱ አይቀርም። አጎትህ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አይቶም ቶሎ ቀና አላለም።

«አየሁ» አለ በመጨረሻ። «ድሮም አይቼ ነበር።»

ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያ ያን ልጅ ያሳደድነው በሐሰት ነው» አሉ።

ይህችን ቃል ስጠብቅ ጠጉሬ ነጣ፤ በሰማኋትም ጊዜ እንደ ወይን አጣጣምኋት። ገና ሳልውጣት ግን አጎትህ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና እኔን ብቻ እያየ፣

«ሽመላዋስ መጣች። ልጅህስ?» አለኝ።

ቅኔ ስዘርፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ለነገር መልስ አጥቼ አላውቅም። ሽመላዎቹ በዚያችው ሰዓት በአንድነት ተነሡና የክንፋቸው ድምፅ አዳነኝ።

ቤት ስገባ እናትህ «አሁንስ ደስ አለህ?» አለችኝ።

«እጅግ።»

«ታዲያ ጫማህን ሳታወልቅ ለምን ተኛህ?»

ስለዚህ ልጄ፣ ና። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ እኔ የጎደለብኝ የለም። በቀሌ እኩሌታው ቀርቷልና ለእርሱ ብለህ ና። ሽመላዎቹ ወደ ሰሜን ሳይመለሱ ቶሎ ድረስ። በአጎትህ በር ፊት ለፊት ቀስ ብለህ እለፍ፤ እኔም ከጎንህ እሄዳለሁ። ጥያቄው በሁለት እግሩ ሄዶ መልስ ሲሆንበት ቆሞ ይየው።

ወፎችን ያለ ካርታ የሚመራ አምላክ ጎዳናህን ያቅናልህ፤ ጠላትህ የቆፈረውንም ቦይ ሁሉ በደለል ይድፈንልህ። አሜን።

አባትህ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የክፍልህ መስኮት ማጠፊያ ይጮህ ነበር። ዛሬ ጧት ዘይት ቀባሁት። ይህ ከበቀሉ ጋር አይገናኝም።