ስለ አንዲት ኮማና ስለ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ እጥፍ ካንሰር

ለክቡር ዶክተር ሲልቬስተር ሜዴን
የዶልንያ ብሬዛ ጤና ጣቢያ ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለባለቤትዎም ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ስብሰባ በዝቶብዎት በፊርማዎ የሚለጠፈውን ለማንበብ ጊዜ እንደማይተርፍዎ ስለምረዳ፣ እኔ የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪዎ አንብቤልዎታለሁ።

በጤና ጣቢያው መግቢያ ያለው ማስታወቂያ፣ ቫሴክቶሚ ያደረገ፣ ማለትም የዘር ቱቦውን ያስቋጠረ ወንድ፣ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ «1.150 እጥፍ» ነው ይላል። ቁጥሩ ከእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ እንዳለ መገልበጡ ያስታውቃል። እነሱ አሥርዮሽን በነጥብ ይለያሉ፤ እኛ በዚህ አገር ግን፣ አምስተኛ ክፍል ሳሉ ሁለት ጊዜ እንዳስተማርኩዎት፣ አሥርዮሽን በኮማ፣ ሺህን በነጥብ እንለያለን። ስለዚህ አገሬው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ እጥፍ ብሎ አነበበው። ለትጋትዎ ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከመቶ ወንዶች አሥሩ ይታመማሉ እንበል። በእርስዎ ነጥብ ከሄድን፣ ካስቋጠሩት መቶ ወንዶች አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶው ይታመማሉ። ከተማችን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ስድስት ሺህ ነፍስ ብቻ ስላላት፣ የጎደሉትን በሽተኞች ከየትኛው ጎረቤት ከተማ ለመበደር እንዳሰቡ ቢገልጹልን ደስ ይለናል። በኮማ ሲጻፍ ግን አሥራ አንድ ተኩል ነው። ይህንንም ልዩነት አንዳንዱ ጥናት ያየዋል፣ ሌላው አያገኘውም፤ ሐኪም ቤት መሄድ የለመደ ወንድ ይበልጥ ስለሚመረመር ሊሆን ይችላል፤ ቋጠሮው አመጣው ብሎ ያረጋገጠ የለም።

2. የልጅ ልጄ ኔዣ ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ደሟ ፈሶ ለጥቂት ተረፈች። ሐኪሞቹ አራተኛ እርግዝና እንዳታስብ፣ የእርግዝና መከላከያ ኪኒኑም እንደማይስማማት ነገሯት። ባሏ ጎራዝድም «አንቺ የድርሻሽን አይተሻል፤ ተራው የኔ ነው» ብሎ ቀጠሮ ያዘ። ጎራዝድ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን አለቃ ነው፤ ከሚነድ በረት ውስጥ ላም ጎትቶ ያወጣ ሰው። ማስታወቂያዎን ባነበበ ዕለት ቀጠሮውን ሰረዘ። እሳት ያላሸነፈውን ጀግና በአንዲት ነጥብ ስላሸነፉልን እናመሰግናለን።

3. እሳት አጥፊዎቹ መኪናቸውን ሲያጥቡ የሚሉት ደግሞ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሾፌሩ ያንኮ «አለቃ፣ ቧንቧውን ልትዘጋው ነበር አሉ! በኛ ሙያ እኮ የሚያስፈራው ውሃ ሲቋረጥ ነው» አለው። ሌላው ቀበል አድርጎ «ተወው ባክህ፣ ያን ሁሉ ካንሰር የት ያስቀምጠዋል?» አለ። ጎራዝድ ስቆ መለሰላቸው፤ ቤት ገብቶ ግን አልሳቀም። ስሌቱን በወረቀት ሳሳየው «እማማ፣ ኮማውስ ገብቶኛል። ግን ዶክተሩ ራሱ ፈርሞበት የለ?» አለኝ።

4. ወደ ቢሮዎ ብደውል ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና «እማማ፣ ነጥብም ሆነ ኮማ ያው የቀለም ጠብታ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጠብታ ነው። በዚያች ጠብታ ላይ የተንጠለጠለችው ግን ኔዣ ናት፤ ባሏ ከፈራ፣ እሷ በየወሩ ቀን እየቆጠረች መፍራቷ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ፣ እግረ መንገድዎን ከማስታወቂያው ላይ ነጥቡን አንሥተው በኮማ እንዲተኩልን፣ ከሥሩም «ተሳስቼ ነበር» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንዲጨምሩልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ሁለቱም ቃላት አጫጭር ናቸው፤ አያደክሙም።

ለፊርማዎ ውበት ካለኝ አድናቆት ጋር፣ የእርስዎን ደብተር በማረም ዓይኗን ያደከመች ታዛዥዎ፣
ማቲልዳ ፖድቦይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አገሬው እንዲያነበው ለከተማችን ጋዜጣም ልልክ ስል፣ ባለቤትዎ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ኔዣን «እንዴ፣ የኔው ሰውዬ ካስቋጠረ አራት ዓመቱ! ይኸው እሁድ እሁድ ተራራ በሩጫ ይወጣል» እንዳሏት ሰማሁ። ሰልፈኛው በሙሉ ስለሰማ ምስጢር ያወጣሁ አይምሰልዎ። ጎራዝድም ወሬው እንደደረሰው ስልኩን አንሥቶ ቀጠሮውን መልሶ ያዘ። የአንድ ሰው ጤንነት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ላስረዳው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ኔዣ እጄን ያዘችኝ። እንደ ሒሳብ አስተማሪ አፍሬአለሁ፤ እንደ አያት ግን አፌን መልሼ ዘጋሁ።